የድመት ፀጉር ሪዝ

ጥያቄ፦ ገብርኤል ናይት 3 የሚባለው የኮምፒውተር ጌም ላይ ሞተር ሳይክል ኪራዩ ጋ ተጣብቄ ቀረሁ፣ መልሱን ከኢንተርኔት ባይ ነውር ነው?

መልስ፦ ኧረ ምንም ነውር የለውም! በ1999 የወጣው ይሄ ጌም ላይ ሞተሩን ለመከራየት ጓደኛህን ሞስሊን መምሰል አለብህ፣ ለዛም የውሸት ሪዝ ያስፈልግሃል፣ ስለዚህ አንዲት ድመት የምትሾልክበት ቀዳዳ ላይ ስኮች ትለጥፋለህ፣ ድመቷን ውሃ ትረጫታለህ፣ በዛ ሾልካ ስታመልጥ ፀጉሯ ስኮቹ ላይ ይቀራል፣ እሱን በሽሮፕ አጣብቀህ ሪዝ ታረገዋለህ። የሚያናድደው ደሞ ሞስሊ ሪዝ የለውም፣ ፓስፖርቱ ፎቶ ላይ ራስህ በማርከር ትስልበታለህ! ከባድ እንቆቅልሽማ ደስ ይላል፣ መልሱን ስታገኘው እንዴት አላየሁትም ያሰኝሃል፣ ይሄ ግን የዲዛይነሩን ሀሳብ ገምት ነው የሚልህ። ያለህን እቃ ሁሉ በሁሉም ነገር ላይ ስትሞክር ከምታመሽ ይሄን አይተህ እለፍ፣ ታሪኩ በጣም አሪፍ ነው።