«ወንድሜ ካልተገኘ ሰርጉ ይቅር»

ጥያቄ፦ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ካቶሊኮች ነን። ሴት ልጄ ከፋሲካ በኋላ ተክሊል ልትፈጽም ነው። ቶሮንቶ ያለው ወንድሟ ከወንድ ጋር እንደሚኖር ከነገረን 6 ዓመት ሆነው። አሁን «ከእሱ ጋር መጥቼ አጠገባችሁ ልቀመጥ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለኝ። እህቱ የጋብቻዋ ምስክር እንዲሆንላት ትፈልጋለች፤ «ወንድሜ ካልተገኘ ሰርጉ ይቅር» ትላለች። አባቱ ደግሞ «ብቻውን ካልሆነ ይህን ቤት አይረግጥም፤ ቤተ ክርስቲያኔን አላስደፍርም» ብሏል። እኔ መሀል ቤት ቀረሁ። ሲመጣ የፈውስ ጸሎት ላስደርግለት? ምን ባጠፋ ነው ይህ የመጣብኝ?

መልስ፦ ውድ እናት፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳዎት እሱ ይመስለኛል። ምንም አላጠፉም። ልጅዎ ወንድ ማፍቀሩ የአስተዳደግ ጉድለት አይደለም። በሽታም አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 ከበሽታዎች ዝርዝር አውጥቶታል። ስለዚህ ለእህቱ ሰርግ የመጣን ልጅ ሳያስበው ወስደው የፈውስ ጸሎት ላይ አያቁሙት። እንዲህ የተደረገበት ሰው እናቱ ቤት ተመልሶ መምጣት ይከብደዋል።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ልምጣ። ባለቤትዎ ልጁ እዚያ ከተቀመጠ ቤተ ክርስቲያን ኑሮውን ባረከችለት ማለት ነው ብለው የፈሩ ይመስለኛል። ይህ ሌላ፣ ያ ሌላ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ያጸደቁት የዲሴምበር 2023 ሰነድ ካህናት እንዲህ ላሉ ጥንዶች አጭር ቡራኬ መስጠት እንደሚችሉ ፈቅዶ፣ ጋብቻ እንዳይመስል ግን አጥብቆ ከልክሏል። የአፍሪካ ጳጳሳት በጃንዋሪ 2024 ያንንም ለአህጉራችን ተገቢ አይደለም ብለዋል። ታዲያ ልጅዎ ቡራኬ ጠየቀ? አልጠየቀም። የጠየቀው ወንበር ነው።

የካቶሊክ ትምህርተ ክርስቶስ ድርጊቱን ኃጢአት ይለዋል። ይኸው መጽሐፍ ቁጥር 2358 ላይ እነዚህን ሰዎች በአክብሮት፣ በርኅራኄና በጥንቃቄ ተቀበሏቸው፣ ያለ አግባብም አታግልሏቸው ይላል። ባለቤትዎ የፊተኛውን ያውቁታል። የኋለኛውን አብራችሁ አንብቡት።

ምስክርነቱንም ቢሆን፣ ቫቲካን በ2023 ለአንድ የብራዚል ጳጳስ ሲመልስ፣ ከተመሳሳይ ጾታ ጋር የሚኖር ሰው የጋብቻ ምስክር እንዳይሆን የሚከለክል አጠቃላይ ሕግ የለም ብሏል። የቁምስናችሁ አባ ግን የራሳቸው አቋም ሊኖራቸው ይችላል። ሄደው ከማማከርዎ በፊት ልጅዎን ያስፈቅዱ። ምስጢሩ የእሱ ነው።

ይህን በከንቱ አላልኩም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 መሠረት በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸም ግብረ ሥጋ በእስራት ያስቀጣል። እኔን ከሕጉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ሰው ነው። ድንኳን ተጥሎ፣ ሰፈሩ ሁሉ ተጠርቶ፣ አንድ ሰው የሰማውን ለሌላው ሹክ ካለ ነገሩ ከእጃችሁ ይወጣል። ልጅዎ ርቆ ስለኖረ ይህን ረስቶት ይሆናል፤ ጓደኛው ደግሞ ጨርሶ ላያውቀው ይችላል። ሳያስፈራሩም ሳያለሳልሱም ይንገሩት። ከዚያ መምጣት አለመምጣቱን ሁለቱ ይወስኑ።

ለመምጣት ከወሰኑ፣ እዚህ ሰው ፊት «ጓደኛዬ ነው» ማለቱን ራሱ ይምረጥ እንጂ እናንተ አታስገድዱት። አጎቱ «አንተስ መቼ ነው የምታገባው?» ማለታቸው አይቀርም። ያኔ ወሬውን የሚያስቀይረው ማን ነው? እርስዎ ነዎት ወይስ እህቱ? ይህን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ትንሽ ነገር ይመስላል። ለእሱ ግን ብቻውን ያለመተው ነው።

ባለቤትዎን «ተቀበል» ብለው አይሞግቷቸው። ልጆቹ በሌሉበት ቁጭ ብላችሁ «በዚያ ቀን የምትፈራው ማንን ነው?» ብለው ይጠይቋቸው። በሥራዬ ደጋግሜ ያየሁት፣ «ሰው ምን ይላል» የሚባለው ሰው ሲፈለግ ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሰው ሆኖ ነው የሚገኘው። ታላቅ ወንድም ይሆናል፣ የማኅበር አባል ይሆናል። ማን እንደሆነ ከታወቀ መላ አይጠፋም።

ሙሽራዋንም አንድ ነገር ይምከሩልኝ። «ሰርጉ ይቅር» ያለችውን ለወንድሟ አትንገረው። ፍቅሯ ነው የሚያናግራት፤ ግን የእሷን ሰርግ ያፈረሰ ሆኖ እንዲሰማው ያደርጋል።

መምጣቱ አደጋ ያለው ከመሰላቸውና ከቀሩ፣ ቪዛው ቀላል ባይሆንም ሙሽሮቹ ሌላ ጊዜ ወደ ቶሮንቶ ይሂዱ። መልሱን ወንድሟ በቤቱ ይደግስላት። እርስዎም በእጅዎ ያዘጋጁትን ድልህና በርበሬ ይላኩ፤ ለሁለት ሰው የሚበቃ።

ዛሬ ማታ 3 ሰዓት ላይ ይደውሉለት። እሱ ጋ ቀን ነው። ሰርጉን ቶሎ አያንሱ። «ምሳ በላህ ልጄ?» ይበሉት፤ ቀጥለውም «እሱስ በላ?» ብለው ይጠይቁ።