ሰኔ ላይ የመጣ ሞዴል 19

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፋርማሲ ተመርቀሽ ድሬዳዋ ውስጥ የአንድ መንግሥት ሆስፒታል መድኃኒት ስቶር ከገባሽ ስምንት ወርሽ ነው። በዚህ ሰኔ አቅራቢው 200 ካርቶን ጓንት ሊያስረክብ 140 ብቻ አመጣ። አለቃሽ ደግሞ "ቀሪው በሳምንት ይገባል፣ በጀቱ ሳይቃጠል 200 ብለሽ የንብረት መረከቢያ ደረሰኙን፣ ሞዴል 19ን፣ ቁረጪ" አለሽ። አንድ ቀን ጊዜ ለምነሽ አሁን እኔን ትጠይቂኛለሽ። ልፈርም ወይስ ሥራውን ለቅቄ የግል አስመጪ ጋ ልግባ?

አትፈርሚ። ስለ መልቀቁ በኋላ እንነጋገራለን።

አለቃሽን ሌባ አላልኩትም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል፣ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል፣ ፋይናንስ ደግሞ ሞዴል 19 ካላየ አይከፍልም። ሰውዬው በእውነት ዋርዱ ጓንት እንዳያጣ ተጨንቆ ሊሆን ይችላል። ግን ሞዴል 19 ስለ ሐሳቡ አይጠይቅሽም። "ይህን ያህል ቆጥሬ ተረክቤያለሁ" ነው የሚለው፣ ከሥሩ ያለው ስም ደግሞ ያንቺ ነው።

አንዴ 200 ብለሽ ከጻፍሽ የእቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ቢን ካርዱም 200 ይላል። በየሁለት ወሩ የምትልኪው የሪፖርትና የመድኃኒት መጠየቂያ ቅጽ፣ አርአርኤፍ፣ ላይ በእጅ ያለው ክምችት ተብሎ የሚሞላው ከዚያ ነው። ጥያቄሽ የሚሰላው የአራት ወር ፍጆታ ጣሪያውን ይዞ በእጅ ያለውን በመቀነስ ስለሆነ፣ የሌሉት 60 ካርቶኖች በሚቀጥለው ዙር ከድርሻሽ ላይ ይቀነሳሉ። እንዳይታወቅ ቀስ በቀስ "ወጪ ሆነ" ተብለው ከተጻፉ ደግሞ የፍጆታ ቁጥርሽ ይበላሻል፣ ከዚያ በኋላ የምትጠይቂው ሁሉ ውሸት ላይ የቆመ ነው። ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ ነው። ማዋለጃ ክፍል ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጓንት አልቆ የወላዷ ባል "ከውጭ ግዛ" ይባልና ክፍት ፋርማሲ ፍለጋ የከዚራን ሰፈር ይዞራል። እኔ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ስለዚህ ነው ስለ ካርቶን እንዲህ የምለፈልፈው።

እኔም ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ስሙን በማልጠራው ቦታ፣ ለሥራ ባልደረባዬ ብዬ ያልቆጠርኩት ሲሪንጅ ላይ ፈርሜ ነበር። የዓመቱ ቆጠራ መጣና ጉድለቱ በእኔ ስም ወጣ። ባልደረባዬ ያኔ ተዛውሯል። ገንዘቡን ከደመወዜ እየተቆረጠ ከፈልኩት። ያንን ሲሪንጅ ያጣው በሽተኛ ግን ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ድሬ ላይ አንቱታ የለም፣ ዳይሬክተሩም ጥበቃውም አንተ ነው። ይህን እወድላታለሁ። ግን እምቢ ማለትን ያከብደዋል፣ ምክንያቱም ጥያቄው የሚመጣው በትእዛዝ ሳይሆን በወዳጅነት ነው። "አቦ ፈርሚና እንገላገል!" ሲባል ለሚወድሽ ሰው ፊት መንሳት ይመስልሻል። ስለዚህ እምቢታሽን መፍትሔ ይዘሽ አቅርቢው። "140ውን ዛሬ እቆርጣለሁ፣ ፋይናንስ የ140ውን ይክፈል፤ 60ው በገባ ሰዓት ማታም ቢሆን ደውሉልኝ፣ መጥቼ እረከባለሁ" በይው። የአቅራቢው ማስረከቢያ ወረቀት ላይም 60 መጉደሉን ጽፈሽ እሱንም አስፈርሚው። አለቃሽ አሁንም 200 ካለ በጽሑፍ እንዲያዝሽ በትህትና ጠይቂ። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እዚያ ላይ ይቆማል። ካልቆመ የውስጥ ኦዲት አለ፣ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ክፍል አለ። ለጠቋሚዎች ጥበቃ የሚሰጥ አዋጅም አለ፣ ቁጥር 699/2003፣ ግን እሱ ለከባድ ወንጀሎች ነውና ከዚያ አትጀምሪ።

በነገራችን ላይ ሌሎችም የመዝገብ ውሸቶች አሉ፣ ትንሽ የሚመስሉ። "ከጠየቅነው ግማሹን ነው የሚሰጡን" ብሎ ፍጆታን አጋኖ መጻፍ። ለጤና ጣቢያ በቃል ውሰት ሰጥቶ የወጪ ደረሰኙን፣ ሞዴል 22ን፣ አለመቁረጥ። ከወሊድ በኋላ ደም እንዲቆም የሚወጋው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ሲገባው፣ በድሬ ሙቀት መብራት ጠፍቶ ያደረበትን ቀን ጨምሮ የሳምንቱን የፍሪጅ ሙቀት መዝገብ ዓርብ ከሰዓት ከጭንቅላት አውጥቶ መሙላት። ይህ የመጨረሻው ለእኔ ከጓንቱ ይብሳል፤ የሚደማ እናት ላይ የማይሠራ መድኃኒት ነው የሚወጋው።

አሁን ስለ መልቀቁ። ለደመወዝ ከሆነ ሂጂ፣ አልፈርድብሽም። ለመሸሽ ከሆነ ግን አትሂጂ። አስመጪው ጋ ያው ካርቶን ከወዲያ በኩል ይጠብቅሻል፣ አንዷን ስቶር ጠባቂ "ቀሪው በሳምንት ይገባል፣ ፈርሚልኝ" የምትያት አንቺ ትሆኛለሽ። ቢያንስ አንድ የዓመት ቆጠራ በስምሽ ንጹሕ አድርገሽ አጠናቅቂ። የክምችት ሶፍትዌሩን ዳጉንና ኦዲት የሚደረግ የመድኃኒት ግብይት አሠራሩን ኤፒቲኤስን በደንብ ልመጂ። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት እዚሁ ድሬ ቅርንጫፍ አለው፣ ማስታወቂያ ሲያወጣ ተከታተይ። ማስተርስ ካሰብሽ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ በአቅርቦት ሰንሰለት ዘርፍ ያስተምራል።

ነገ ጠዋት ከማንም በፊት ስቶር ግቢና ካርቶኖቹን እንደገና ቁጠሪያቸው። የተከፈተ ካለም ውስጡን እዪ። ከዚያ አለቃሽ ምን እንዳለ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።