የፋብሪካው ይገባል የኔ አይገባም ላልከው ልጅ

ሰላም ያገሬ ልጅ። አጭሯ ባለ 16 ኢንች ዊንቸስተር 94 ጠመንጃህ የፋብሪካውን 30-30 ጥይት ሳታላምጥ ትውጣለች፣ ቤትህ የሞላኸውን ግን ሊቨሩ (ከታች ተስቦ የሚያጎርሰው እጀታ) ሊዘጋ አንድ ጣት ሲቀረው ቀጥ ይላል፣ ጠመንጃ ሠሪ ጋ ልውሰዳት ወይ ነው ያልከው። ኧረ አትውሰዳት፣ የፋብሪካውን ከዋጠች እሷ ምን አረገች፣ ጥፋቱ ያንተ ቀለህ ላይ ነው።

እኔ አሁን ብቸና ተመልሼ ጤፍ ላይ ነኝ እንጂ ሞንታና ስኖር ይችው ነገር ደርሳብኛለች። 40 ጥይት ሞልቼ አልጎርስ ሲለኝ እልህ ይዞኝ በጉልበት ገፋሁት፣ ተቀረቀረና አልወጣም አለ፣ እሱን እስካወጣ ላብ አጠመቀኝ። ማታ ለአባቴ ደውዬ ነገርኩት፣ ምንሽር ተሸክሞ ያረጀ ሰው ነው፣ ሊቨር የሚባል በዓይኑ አላየም፣ ሳቀብኝና «የት ላይ እንደተፋቀ አይተኸዋል?» አለኝ። አላየሁማ!

በነጋታው ባሩድም ፕራይመርም (ቂጡ ላይ ተመትታ ባሩዱን የምትለኩሰዋ) የሌለው ባዶ ቀለህ ላይ አረሩን ብቻ ገጥሜ ዙሪያውን በጥቁር ማርከር ቀባሁት (በሻማ ጥላሸት የሚሉህን ተዋቸው፣ ባሩድ ባለበት ክፍል እሳት አይለኮስም)። ቀስ አርጌ አስገብቼ ሳወጣው ቀለሙ ትከሻው (ወደ አንገቱ የሚጠብበት) ላይ ቀለበት ሆኖ ለቋል። ቀለሁን ብለካው ረዝሟል፣ የ30-30 ጣሪያው 2.039 ኢንች ነው። በተተኮሰና በዳይ (ቀለሁ የሚገባበት የብረት ቅርጽ) በተጠበበ ቁጥር ይረዝማል እኮ፣ እኔ ደግሞ አረር መግጠሙንና ክሪምፑን (የቀለሁን አፍ አረሩ ላይ ማስነከሱን) በአንድ ዳይ ባንዴ ነበር የምሠራው፣ ረጅሙ ቀለህ አፉ ቶሎ ይነክሳል፣ አረሩ ገና ሳይጨርስ ሲገፋው ትከሻው ያብጣል፣ በዓይን አይታይም። ቦልት ያለው ጠመንጃ ጠምዝዞ ያስገባልህ ይሆናል፣ ሊቨር ግን ያ አቅም የለውም።

ስለዚህ ከዳይ ከወጣ በኋላ ሁሉንም ለክተህ 2.029 ላይ ቁረጥ፣ አንድ ዓይነት ይሁኑ። አረሩን መጀመሪያ ግጠም፣ ክሪምፑን ለብቻው። ክሪምፑን ጭራሽ ልተወው እንዳትል፣ ጥይቶቹ በርሜሉ ሥር ባለው ቱቦ ውስጥ ተሰልፈው ስፕሪንጉም ምቱም ሲገፋቸው አረሩ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ጠቅላላ ርዝመቱም ከ2.550 አይለፍ። አፍንጫው ሹል የሆነ ጠንካራ አረር እዛ ቱቦ ውስጥ አታስገባ፣ የፊተኛውን ፕራይመር ይወጋብሃል። የባሩድ ልክ እኔንም ማንንም አትጠይቅ፣ የታተመ መጽሐፍ ይዘህ ሥራ።

የተበላሹትን አስገድደህ አታጉርስ፣ ፈታቸው፣ ባሩዱንም መልሰህ አትጠቀምበት።

አገር ቤት ስመጣ የአያቴን ውጅግራ ቀለህ ልሙላ ወይ ላልከው፣ በፍጹም። ውጅግራ የ1874ቱ የፈረንሳይ ግራስ ነው፣ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ፣ ያንተ ጭስ አልባ ባሩድ ይፈነዳበታል። ግድግዳ ላይ ይሰቀል በቃ።

ማርከሩን ዛሬ ሞክረውና የት ጋ እንደለቀቀ ፎቶ ለጥፍልኝ፣ ትከሻው ላይ ካልሆነ ሌላ ነገር ነው፣ ያኔ እናያለን።