ካልሲየሙ ከየት መጣ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከጨቅላ አይጥ አንጎል ወስደን ባሳደግናቸው የኦሊጎዴንድሮሳይት (የነርቭ ክሮችን በማይሊን የሚሸፍን ህዋስ) ቀዳሚ ህዋሳት ላይ 100 ማይክሮሞላር ግሉታሜት (የነርቭ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል) ስንጨምር፣ ፉራ-2 በተባለው ካልሲየም አመልካች ቀለም የምንለካው የህዋሱ ካልሲየም ከፍ ይላል። ካልሲየም በሌለው ፈሳሽ ስንደግመው ጭማሪው ጠፋ። ካልሲየሙ በአምፓ ተቀባይ (ግሉታሜት ሲይዘው የሚከፈት ቀዳዳ ያለው የህዋስ ሽፋን ፕሮቲን) በኩል ገባ ብለን ብንጽፍ ያስኬዳል?

መልስ፦ ገና አያስኬድም። ህዋሳቱ በዚያ ፈሳሽ ውስጥ ስንት ደቂቃ ቆዩ? 2 ሚሊሞላር ኢጂቲኤ (ካልሲየምን አጥብቆ የሚይዝ ኬሚካል) ባለበት 10 ደቂቃ ከቆዩ በኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም (በህዋሱ ውስጥ ካልሲየም የሚከማችበት ክፍል) ያለው ክምችትም ተንጠፍጥፎ ሊያልቅ ይችላል። ያን ጊዜ ካልሲየምን ከክምችቱ የሚያስለቅቀው ኤምግሉአር5 የተባለው ሌላ የግሉታሜት ተቀባይ ቢኖርም ምላሽ አይታይም፤ እናንተም ካልሲየሙ የመጣው ከውጭ ነው ትላላችሁ። ስለዚህ ፈሳሹን ከቀየራችሁ በኋላ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ብቻ ጠብቃችሁ ግሉታሜቱን ስጡ። እዚያው ፈሳሽ ውስጥ ካልሲየምን ከክምችቱ የሚያስለቅቀውን ኤቲፒ በ100 ማይክሮሞላር አስከትሉ። በኤቲፒ ካልሲየሙ ከጨመረ ክምችቱ አላለቀም ነበር። ካልጨመረ ግን የዚያን ቀን ውጤት አትጠቀሙበት።

ከውጭ መግባቱ ቢረጋገጥ እንኳ በየት በኩል እንደገባ ገና አልታወቀም። ግሉኤ2 የተባለው ንዑስ ክፍል ያለበት የአምፓ ተቀባይ ካልሲየም እምብዛም አያሳልፍም። የሚያስገባው ሶዲየም ግን የህዋሱን ሽፋን ቮልቴጅ ስለሚቀይር ሌሎች የካልሲየም ቻናሎች (መግቢያ ቀዳዳዎች) ይከፈታሉ። እነዚህን ለመዝጋት ካድሚየም መጨመር የተለመደ ነው፤ ከፉራ-2 ጋር ግን አንመክረውም። ካድሚየም ራሱ ከቀለሙ ጋር አጥብቆ ስለሚጣበቅ ህዋስ ውስጥ ከገባ ካልሲየም መስሎ ይነበባል። ኒፌዲፒን የተባለው መድኃኒት ከእነዚህ መካከል የኤል ዓይነት ቻናሎችን ይዘጋል፤ ነገር ግን ለፉራ-2 የምትጠቀሙበት የ340 ናኖሜትር ብርሃን ያበላሸዋል፤ ትኩሱን ጨለማ ውስጥ አዘጋጁ፣ የምስሎቹንም ድግግሞሽ ቀንሱ። ግሉኤ2 የሌላቸውን ተቀባዮች የሚዘጋውን ናስፒኤም ጨምራችሁ ጭማሪው ካልተነካ፣ ካልሲየሙ በአምፓው ቀዳዳ አልገባም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፦ አምፓ ተቀባይ ግሉታሜት እንደያዘ በሚሊሰከንዶች ውስጥ ምላሹን ያቆማል። ይህን የሚከለክለውን ሳይክሎታያዛይድ ጨምሩ፣ ወይም በግሉታሜት ፈንታ ተቀባዩን እንዲህ የማያስቆመውን ካይኔት ተጠቀሙ።

ልፋቱ ከንቱ አይደለም። ከ23 እስከ 32 ሳምንት ባለው ፅንስ ነጭ የአንጎል ክፍል ውስጥ የሚበዙት ያልበሰሉ የኦሊጎዴንድሮሳይት ዘር ህዋሳት ናቸው፤ ኦክስጅን ሲያጥር ከሚጎዷቸው ነገሮች አንዱ በእነዚሁ ተቀባዮች የሚመጣው ካልሲየም ነው።

ጥያቄ፦ ፉራ-2 በህዋሱ ውስጥ እኩል ተሰራጭቶ ሳይሆን ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ለምን?

መልስ፦ ቀለሙ ወደ ሌሎች የህዋሱ ክፍሎች ገብቷል። በ2 ማይክሮሞላር፣ በክፍል ሙቀት ለ30 ደቂቃ ሙሉት፤ ካጠባችሁት በኋላ ሌላ 30 ደቂቃ አቆዩት።