ስለ ነባር ሕዝቦች ጋዜጦችና ስለ ጤና ዘገባ ጠይቁኝ

ሰላም ወገኖች። አሜሪካ ውስጥ ለነባር ሕዝቦች (አውሮፓውያን ሳይመጡ በፊት በምድሩ ይኖሩ ለነበሩት ነገዶች) ጋዜጦችና ሬዲዮ ጣቢያዎች የጤና ዘገባ አሠለጥናለሁ። የጤና ኢፍትሐዊነቱን መቁጠር ብቻ አይደለም ሥልጠናው። ሰዎች ምን መላ እንደመቱና መላቸው ሠርቶ እንደሆነ መመርመርም ነው። ዛሬ ማታ እዚሁ ነኝ፣ ጠይቁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አስቀድሜ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ደስ የሚል ወሬ መጻፍና መላን መመርመር ለየቅል ናቸው።

ከባህር ዳር፦ ጋሼ፣ ከተለመደው የጤና ዜና በምን ይለያል?

መልስ፦ በምሳሌ ላስረዳህ። በነባር ሕዝቦች ዘንድ ስኳር በሽታ ከሌላው አሜሪካዊ ይበዛል። ይህን ያልጻፈ ጋዜጣ የለም። አንባቢውም ስለ ራሱ የሚያነበው ሕመምና ሞት ብቻ ስለሆነ ገጹን ይዘለዋል። ግን ከ1996 እስከ 2013 ድረስ በእነዚሁ ሰዎች መካከል በስኳር ምክንያት የሚመጣ የኩላሊት ሥራ ማቆም በ54 በመቶ ቀንሷል። ከግማሽ በላይ! ይህን ስንቱ ጻፈው?

እንዴት ቀነሰ? ዘገባው ያለው እዚያ ነው። በ1997 ኮንግረስ ለነባር ሕዝቦች የስኳር በሽታ ልዩ በጀት መደበ። ክሊኒኮቹ የኩላሊት ምርመራን የዘወትር ክትትል አካል አደረጉት። ኩላሊትን የሚጠብቁ የደም ግፊት መድኃኒቶች ለብዙ ሰው ደረሱ። ሐኪሙ፣ ነርሷና የምግብ ባለሙያው አንድ ላይ ሆነው አንዱን በሽተኛ መከታተል ጀመሩ። በሽተኛው እስኪወድቅ አልጠበቁም።

ሠልጣኞቼን አራት ነገር አስጠይቃለሁ። ምን ተደረገ? እንዴት ሠራ? ማስረጃው የት አለ? የት ላይ አይሠራም? አራተኛውን የዘለለ ጽሑፍ ማስታወቂያ ነው። እዚህ ምሳሌ ላይ አራተኛው ቁልጭ ብሎ ይታያል፦ በጀቱ ቋሚ አይደለም። ኮንግረስ በየጊዜው እያደሰ ነው የሚያስቀጥለው፣ አንዳንዴም ለጥቂት ወራት ብቻ። ለጥቂት ወራት ቅጥር ብላ ቤተሰቧን ይዛ ገጠር የምትገባ ነርስ ከየት ትገኛለች?

ከአዳማ፦ ሥልጠናው ሰርተፍኬት አለው? ከኢትዮጵያ መመዝገብ ይቻላል?

መልስ፦ እኔ የምሠራው ከእነሱ ጋዜጦች ጋር ነው። ምዝገባ የለኝም።

ከሚኒሶታ፦ እኛ ከልጅነታችን "ቀይ ሕንዶች" ስንል ነው ያደግነው። "ነባር ሕዝቦች" ማንን ለማለት እንደሆነ አንባቢ ይገባዋል?

ከቶሮንቶ፦ "ቀይ" የቆዳ ስድብ ነው፣ "ሕንድ" ደግሞ የኮሎምበስ ስህተት። እንዴት እስካሁን እንጽፈዋለን?

ከሚኒሶታ፦ ስድብ አስቤ አይደለም። እዚህ ጎረቤቶቼ ራሳቸውን "ኢንዲያን" ይላሉ። የመንግሥት ክሊኒካቸውም በዚሁ ስም ነው የሚጠራው።

ከቶሮንቶ፦ እነሱ ራሳቸውን የሚጠሩበት ሌላ፣ እኛ የምንጠራቸው ሌላ።

መልስ፦ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፣ ግን ከጥያቄው ወጣን። የምትጽፉለትን ሰው በነገዱ ስም ጥሩት። ናቫሆ ከሆነ ናቫሆ፣ ቸሮኪ ከሆነ ቸሮኪ በሉ። በፌዴራል መንግሥት የታወቁት ነገዶች ብቻ ከ570 በላይ ናቸው። የቸሮኪዎችን ጋዜጣ ደግሞ አስታውሱ። በ1828 ሲጀመር በእንግሊዝኛና በራሳቸው ፊደል ነበር የሚታተመው። ፊደላቸውም እንደ እኛው እያንዳንዱ ምልክት አንድ ሙሉ ድምፅ የሚይዝ ነው። ይህን ሳነሳ ልቤ ሞቅ ይላል።

ሐኪሟ፦ ቁጥሩን ከየት ታመጣላችሁ? ትንሽ ማኅበረሰብ ላይ ስታቲስቲክስ ያስቸግራል።

መልስ፦ እህቴ፣ ይህ ነገር እንቅልፍ የሚነሳኝ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሞት ሰርተፍኬት ላይ የሟቹን ዘር የሚሞላው ብዙ ጊዜ የቀብር አስፈጻሚው ነው። ቤተሰብ ጠይቆ መሙላት አለበት። መልኩን ብቻ አይቶ "ነጭ" ብሎ የሚሞላም አለ። ሰውየው ሞተ፣ ከሕዝቡ ቁጥርም ጎደለ። የፌዴራል ባለሙያዎች ይህን በስሌት ያርሙታል። ጥሬውን መዝገብ የወሰደ ሪፖርተር ግን ስህተቱን እንዳለ ያትመዋል። በ2019 የነባር ሕዝቦች በሕይወት የመቆያ አማካይ ዕድሜ 71.8 ነበር፣ በ2021 ወደ 65 ገደማ ወረደ። ይህን ያህል የከፋ ነገር ትክክለኛ ቆጠራ ይገባዋል።

ሌላው መረጃ የመስጠት ፍርሃት ነው። በግራንድ ካንየን ሸለቆ የሚኖሩ የሃቫሱፓ ነገድ ሰዎች ለስኳር ጥናት ተብሎ ደም ሰጡ። ደሙ ያልፈቀዱት ሌላ ምርምር ላይ ዋለ። ጥናቱን ያካሄደውን ዩኒቨርሲቲ ከሰሱ፣ በ2010 በ700,000 ዶላር ካሳ ታረቁ። ናቫሆዎች ደግሞ ከ2002 ጀምሮ በምድራቸው የዘረመል ምርምር አግደዋል። ስለዚህ ክሊኒክ ሄዶ "ቁጥር ስጡኝ" የሚል ሪፖርተር ቢጠረጠር አይግረመው። የማን መረጃ ነው? ለምን ይፈለጋል? ማንስ ያየዋል? መጀመሪያ ይህን ይመልስ።

ከጅማ፦ ባጭሩ ፖዘቲቭ ዜና ማለት ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም። መግቢያውን አንብብ፣ የመጀመሪያውን መልስም አንብብ። የት እንደማይሠራ ያልጻፈ ማስታወቂያ ነው።

ከአዲስ አበባ፦ የጋዜጦቹ ባለቤት የነገዱ መንግሥት ከሆነ እንዴት ነፃ ሊሆኑ ይችላሉ? ይህ እኛንም ይመለከታል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዋናውን ነክተሃል። ከ1975ቱ የራስን በራስ ማስተዳደር ሕግ ወዲህ ብዙ ነገዶች ከፌዴራል መንግሥት ተረክበው የራሳቸውን ክሊኒክ ያስተዳድራሉ። እሰየው የሚያሰኝ ነው። ግን ክሊኒኩን የሚመራው ምክር ቤት የጋዜጣውንም ደመወዝ ይከፍላል። ስለ ክሊኒኩ መልካም ውጤት ብትጽፍ "አጎበደደ" ይሉሃል፣ ጉድለቱን ብትጽፍ በጀትህ ይነካል። በኦክላሆማ የመስኮጊ ነገድ ምክር ቤት በ2018 የፕሬስ ነፃነት ሕጉን ሻረ። ጋዜጠኞቹ ተስፋ አልቆረጡም። በ2021 ሕዝቡ በድምፁ ነፃነቱን ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ አስገባው። ሥልጠና ላይ መጀመሪያ የማስጠይቀው ጥያቄ "ይህን ዘገባ ማን ሊያስቆመው ይችላል?" የሚል ነው። መልሱን ሳያውቁ መስክ አይወጡም።

ከሐዋሳ፦ ከእኛ ጤና ኤክስቴንሽን ጋር የሚመሳሰል ነገር አላቸው?

መልስ፦ አላቸው፣ አላስካ። መንገድ በማይደርስባቸው መንደሮች ከመንደሩ የተመረጠ ሰው ሠልጥኖ ያክማል። የተጀመረው በ1950ዎቹ ነው። ያኔ በጎ ፈቃደኞች የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በየመንደሩ ያድሉ ነበር። የእኛው የተጀመረው በ2003 ነው።

ከመቀሌ፦ የእኛዎቹ ሴቶች ግን የሥራው ጫና በዝቶባቸዋል። ስለ እነሱ የሚጻፈው ሙገሳ ብቻ ነው።

ከሐዋሳ፦ እናቴን ያዋለደች ልጅ ናት፣ ብትመሰገን ምን አለበት?

ሐኪሟ፦ ምስጋናው ይገባታል። ደመወዟና ትራንስፖርቷም ይጻፍ።

መልስ፦ ሐኪሟ የተናገረችው ዘገባ መሆን የሚችል ነው። ጻፉት።

ከደሴ፦ ስለ ጤና ጋዜጠኝነት ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ሰፊ ነው። አንድ በሽታ፣ አንድ ወረዳ፣ አንድ መላ ይዘህ ተመለስ።

ከቴል አቪቭ፦ ትንሽ መንደር ላይ የሰውን ምስጢር እንዴት ትጠብቃላችሁ?

መልስ፦ ስም መደበቅ አይበቃም። የስድስት መቶ ሰው መንደር ውስጥ "የኩላሊት እጥበት የምታደርግ የ52 ዓመት አስተማሪ" ካልህ ሁሉም አውቋታል። አንድ ጊዜ አንዲት ጎበዝ ሠልጣኝ እንዲህ ያለ አረፍተ ነገር ጽፋ አመጣች። እኔም ዓይኔ ሥር አልፎ ሊታተም ሲል ያስቆመችው የመንደሩ ልጅ የሆነችው የገጽ አቀናባሪያችን ነበረች። ከዚያ ወዲህ ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ስለ ራሳቸው የተጻፈውን ክፍል ለባለታሪኮቹ እናነብላቸዋለን። በቋንቋቸው፣ ቤታቸው ሄደን። የዚያ ጽሑፍ ባለታሪክ ሴትዮ ሙያዋንና ዕድሜዋን አስወጣች፣ ስሟን ግን "ይግባ" አለች።