«ልጄ ተራራ ወጣችብኝ» ስሕተት ነው?

ጥያቄ፦ «ልጇ ከፍተኛ ተራሮችን ልውጣ ብላ ስለተነሣችባት እናት አጭር ልብ ወለድ እየጻፍሁ ነው። እናቲቱ መጀመሪያ ትፈራለች፣ ትቆጣለች፤ ውሎ አድሮ ትለሰልሳለች፤ በመጨረሻ ገመዱን ራሷ ጠቅልላ ትሸኛታለች። መጀመሪያ ላይ ‹ልጄ ተራራ ወጣችብኝ›፣ መጨረሻ ላይ ‹ልጄ ተራራ ወጣችልኝ› አሰኝቻት ነበር። ረቂቁን ያረመልኝ ሰው ሁለቱንም ‹ወጣች› አደረጋቸው፤ ‹ልጅቱ የወጣችው ተራራው ላይ እንጂ እናቷ ላይ አይደለም› አለኝ። ‹ጨክና ሸኘቻት› ያልሁትን ‹ጠንክራ›፣ ‹ስጋት›ን ‹ሥጋት›፣ ‹ምኞቷ›ን ደግሞ ‹ህልሟ› አድርጎታል። የቱን ልቀበል?»

መልስ፦ የመጀመሪያውን እርማት አይቀበሉ። እናቲቱ ከፍርሃት ወደ ፈቃድ የሄደችበትን መንገድ ሁሉ የተሸከሙት እነዚያ ሁለት ፊደላት፣ በ እና ለ፣ ናቸው። እነሱን መሰረዝ የታሪኩን አከርካሪ መምታት ነው።

የአማርኛ ግስ ሁለት ዓይነት የተሳቢ ቅጥያ ይቀበላል። አንደኛው በቀጥታ የሚለጠፈው ነው፦ አየኝ፣ አየሽ፣ አያት። ሁለተኛው በመስተዋድድ በኩል የሚገባው ነው፦ ወጣልኝ፣ ወጣብኝ፣ ወጣላት፣ ወጣባት። በሁለተኛው ዓይነት ለ እና በ ሁልጊዜ ጠብቀው ይነበባሉ፤ ፊደላችን መጥበቅን ስለማያሳይ ግን ዓይን ያልፋቸዋል። አራሚዎ ዓይናቸው አልፏቸው ሳይሆን አንድ የቆየ አስተያየት ይዘው ይመስለኛል። በዚህ አስተያየት መሠረት ቅጥያው በ የቦታና የመሣሪያ ምልክት ነው፤ ጉዳትን የሚያመለክተው እንዲያው በመንገዱ ነው። «በብዕሩ ጻፈ» ሲያጥር «ጻፈበት» ይሆናል፣ «በአልጋው ላይ ተኛ» ሲያጥር «ተኛበት»፤ ሌላው ሁሉ የዚህ ዘር ነው ይላሉ።

ይህ አስተያየት «ልጇ ሞተባት» የሚለው ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ ይቆማል። «ጻፈበት»ን ፈትቶ «በእሱ ጻፈ» ማለት ይቻላል። «ሞተባት»ን ፈትቶ «በእሷ ሞተ» ማለት ግን አይቻልም፤ የሚወጣው ሌላ ነገር ወይም ምንም ነው። «ቤቷ ተቃጠለባት»፣ «ወተቱ ገነፈለባት»፣ «ልጁ አለቀሰባት» ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ መለኪያው ቀላል ነው፦ መስተዋድዱን ከግሱ ነጥለው ከስም ፊት ያኑሩት። ዓረፍተ ነገሩ ትርጉሙን ሳይለውጥ ከቆመ፣ በ የግሱ የራሱ መስተዋድድ ነው። ካልቆመ፣ ድርጊቱ ማንን እንደነካ የሚናገር፣ ለብቻው የሚቆም ምልክት ነው። «ልጄ ተራራ ወጣችብኝ» ሁለተኛው ነው። የእናቲቱ አካል ተራራው ላይ የለም፤ ድርጊቱ ግን አግኝቷታል።

ይህን መለኪያ ሳይዙ «በ ካለ ጉዳት፣ ለ ካለ ጥቅም» ብሎ መደምደም ደግሞ ሌላ ገደል ነው። «ኮራሁብሽ» ውስጥ በ አለ፤ ጉዳት ግን የለም። «በልጇ ኮራች» ይባላልና እዚህ ያለው በ ግሱ አብሮት የኖረው መስተዋድድ ነው። «ተመካችባት»ም ያው ነው። እናቲቱ በመጨረሻው ምዕራፍ «ኮራሁብሽ» ብትል ማንም በክፉ አይሰማውም።

አራሚዎ በአንድ ነገር እውነት አላቸው፤ እሱንም መካድ አይገባም። «ወጣችብኝ» ብቻውን ሲቆም «እላዬ ላይ ወጣች» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። በሦስተኛ መደብ ይብሳል፤ ተራራውን በአንስታይ ጾታ ከጠሩት «ወጣችባት» ማለት «ተራራዋ ላይ ወጣች»ም ይሆናል። መድኃኒቱ ቅጥያውን መሰረዝ አይደለም። «ያን ተራራ ወጣችብኝ» ወይም «ተራራውን ወጣችብኝ» ይበሉ። ተራራው በ«ን» ተሳቢ ሆኖ ቦታውን ከያዘ፣ ለ«በ» የሚቀረው እናቲቱ ብቻ ናት። አንድ ግስ የሚሸከመው አንድ የተሳቢ ቅጥያ ብቻ መሆኑንም ያስታውሱ። «ወጣችው» ካሉ «ብኝ» መግቢያ የለውም፤ «ወጣችውብኝ» አማርኛ አይደለም። እናቲቱን ከመረጡ የተራራው ቅጥያ ይቀራል።

የኃላፊ ያልሆነው ጊዜ ላይም ብዙ ጸሐፊዎች ይሳሳታሉ። ቅጥያው ከረዳት ግሱ በፊት ይገባል፦ ትወጣብኛለች፣ ትወጣልኛለች፤ በአሉታ፣ አትወጣብኝም። ስጋት በትንቢት ጊዜ ይበዛልና የመጀመሪያው ምዕራፍዎ ይህን ቅርጽ ደጋግሞ መፈለጉ አይቀርም።

አሁን ወደ ለ እንምጣ፤ እውነተኛው ወጥመድ እዚህ ነውና አራሚዎ ዝም ብለው ማለፋቸው ይገርመኛል። «ወጣልኝ» በአማርኛ የራሱ ፈሊጥ አለው። ሰው አልቅሶ ወይም ተናግሮ ሲቀለው «ወጣልኝ» ይላል፤ «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ይባላል። «ሄደልኝ» ደግሞ ይብሳል፤ ከሄደው ሰው መገላገልን ነው የሚነግረን። እናቲቱ ልጇን ሸኝታ «ሄደችልኝ» ብትል አንባቢው «ተገላገለቻት» ብሎ ይረዳል፤ የጻፉት ሁሉ ይገለበጣል። ለ ደስታን የሚያመጣው ግሱ ፍጻሜ ወይም መድረስ ሲኖረው ነው። «ተመለሰችልኝ»፣ «በቃችልኝ»፣ «ደረሰችልኝ» አያሻሙም። በተለይ «ደረሰችልኝ»ን ልብ ይበሉ፤ ልጅ አድጎ ለወግ ለማዕረግ ሲበቃ እናት የምትለው ቃል ነው። «ልጄ ጫፉ ላይ ደረሰችልኝ» ካሉ የተራራውም ጫፍ፣ የልጅቱም ጉልምስና በአንድ ግስ ይገባሉ። «ወጣችልኝ»ን ማቆየት ከፈለጉ «እስከ ጫፉ ወጣችልኝ» ብለው ፍጻሜውን ይጨምሩለት።

በ«በ» እና በ«ለ» መካከል ደግሞ ባዶው፣ ቅጥያ የሌለው ግስ፣ አለ። «ልጄ ተራራ ትወጣለች» የምትል እናት ድርጊቱን የልጇ አድርጋ ትታዋለች፤ በራሷ ላይ አልቆጠረችውም፣ ለራሷም ገና አልወሰደችውም። አራሚዎ ሁሉንም «ወጣች» ሲያደርጉ ይህን መካከለኛ ደረጃ ሳያውቁት አሳይተውዎታል፤ መካከለኛው ምዕራፍ ላይ ይጠቀሙበት። ሁለቱ ስሜት በአንድ ልብ ሲገጣጠምም አማርኛ በአንድ ግስ አያስተናግደውም። ግሱን ይደግሙታል፦ «ወጣችብኝም፣ ወጣችልኝም»።

ፈራ እና ሰጋ ላይም ቅጥያው ራሱን የቻለ ታሪክ ይነግራል። «ልጄን ፈራኋት» እና «ለልጄ ፈራሁላት» አንድ አይደሉም። በፊተኛው አስፈሪዋ ልጅቱ ናት፤ እልኋ፣ የማትመለስ መሆኗ። በሁለተኛው አስፈሪው ተራራው ነው። ሰጋ እንዲህ ያለ ቀጥተኛ ተሳቢ አይወድም፤ «ውሻውን ፈራ» ይባላል፣ «ውሻውን ሰጋ» አይባልም። «ትወድቅብኛለች ብላ ሰጋች» ወይም «ሰጋችላት» ነው ወጉ። ሰጋ ገና ላልመጣ ነገር ነውና በአሳብ የሚጸና ፍርሃት ነው።

የፈራ ምንጭ ግእዙ ፈርሀ ነው፣ በሃሌታው ሀ። ሰምዐ ሰማ፣ በልዐ በላ፣ ነቅሀ ነቃ እንደሆኑ ሁሉ የጉሮሮው ድምፅ በአማርኛ ወድቆ ፈራ ሆኗል። በዚህ መንገድ የሚወጣው ስም «ፍራት» ነው፤ «ያለ ፍራት» ሲባልም ይሰማል። እኔ ለእናቲቱ አፍ ፍራትን እመርጥላት ነበር፤ ይሁን እንጂ ከግእዝ ተመልሶ የገባው «ፍርሃት» አሸንፏል፣ መንቀፍም አይቻልም። ከጻፉት ግን በሃሌታው ሀ ይጻፉት፤ «ፍርሐት» መሠረት የለውም።

«ሥጋት» የሚሉት ወገኖች ስጋት ሥጋን የሚያንቀጠቅጥ ስለሆነ ከሥጋ የተገኘ ነው ብለው ያስረዳሉ። ውብ ነው፤ አያስኬድም። ከበዛ ብዛት፣ ከሰፋ ስፋት፣ ከነቃ ንቃት፣ ከበቃ ብቃት እንደሚወጣ ከሰጋ ስጋት ይወጣል። የዚህ ስም አባት ግሱ ነው፤ ሥጋ የሚባለው ስም በመካከሉ ሥራ የለውም። በንጉሡ ሠ የሚጽፍ ሰው ግሱንም «ሠጋ» ብሎ ሊጽፍ ይገባዋል፤ ሲጽፉ የምናየው ግን ስሙን በአንዱ፣ ግሱን በሌላው ነው። እኔ ሁለቱንም በእሳቱ ሰ እጽፋለሁ። በንጉሡ ሠ የታተመው ብዙ ነውና እንደ ስሕተት አልቆጥረውም፤ መጽሐፉ ውስጥ አንዱን ይዞ መዝለቅ ይበቃል።

«ጨክና ሸኘቻት» ግን አይነካ። አንድ ቃል አንድ ትርጉም ብቻ ይኑረው የሚሉ ሰዎች ጨከነን ለክፋት ብቻ ሊተዉት ይፈልጋሉ። ጨከነ ሁለት መንገድ አለው፤ የሚለያቸውም ቅጥያው ነው። «ጨከነችባት» ካሉ ክፋት ነው። ያለ ቅጥያ፣ በቦዝ አንቀጽ፣ ከሌላ ግስ ፊት ሲመጣ ግን ቁርጠኝነት ነው፦ ጨክኖ ተነሣ፣ ጨክኖ ተናገረ፣ ጨክና ሸኘች። በዚህ አነጋገር የሚጨከንበት አካል የራስ ሆድ ነው። «አንጀቴ አልጨክን አለኝ» የምትል እናት ደግ መሆኗን እየተናገረች አይደለም፤ አንጀቷ አልታዘዝ እንዳላት ነው የምትነግረን። «ጠንክራ ሸኘቻት» ይህን ሁሉ ያጣል፤ ከሕመም ያገገመች ወይም በኃይል የገፈተረች ያስመስላታል። የቅርብ ዘመዱ ቆረጠ ነው፦ «ቆርጣ ሸኘቻት» ያስኬዳል። ነገር ግን «ተስፋ» ከፊቱ ከገባ ትርጉሙ ይገለበጣል፣ «ተስፋ ቆርጣ ሸኘቻት» ሌላ እናት ናት። ለጨከነም የሚጠነቀቁበት ነገር አለ፤ ስሙ ጭካኔ እና ቅጽሉ ጨካኝ ያን በጎ ጎን አልያዙም። «በጭካኔ ፈቀደችላት» ብለው ከጻፉ ማንም አያድንዎትም። በጎው ትርጉም የሚኖረው በግሱ፣ ይበልጡንም በቦዙ ነው።

ፈቀደን ካነሣሁ ደግሞ አላልፈውም። በግእዝ ፈቀደ ማለት ወደደ፣ ፈለገ ማለት ነው፤ «ይኩን ፈቃድከ» የሚለው ጸሎት ይሁንታን ሳይሆን የወደድኸው ይሁን ማለቱ ነው። አማርኛ ግሱን ወደ «ይሁን አለ» አጠበበው። ስሙ ላይ ግን አሮጌው ትርጉም አልሞተም፤ «በገዛ ፈቃዷ» ስንል በወደደችው ማለታችን ነው። ስለዚህ «ፈቀደችላት» እና «በፈቃዷ ሸኘቻት» መካከል ርቀት አለ። የመጀመሪያዋ እናት በሩን ለቅቃለች፤ ሁለተኛዋ እራሷም ወዳዋለች። ገመዱን ጠቅልላ የምትሰጠው የትኛዋ እንደሆነች እርስዎ ያውቃሉ።

የቀረው «ህልሟ» ነው። ሲሆን በሐመሩ ሐ ይጻፍ፤ የግእዙ ሥር ሐለመ ነውና። ከዚያ በላይ ግን ቃሉን ለዚህ ቦታ አልወደውም። ሕልም ተኝተው የሚያዩት ነው፤ ሰው ነቅቶ፣ አስልቶ፣ ገመድ ገዝቶ የሚከተለው ነገር ምኞት ይባላል። ምኞት ከግእዙ ተመነየ የመጣ ነው፤ ነ እና የ ተዋሕደው ኘ ሆነዋል፣ ቀነየ ተቀኘን እንደ ወለደ። በውስጡ መጓጓት አለበት፣ ሕልም ውስጥ የሌለ። ተረቱም «ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» ሲል ሕልምን ከሚፈሩት ጋር ነው የቆጠረው፣ ከሚከተሉት ጋር አይደለም። ይህን ሁሉ ብልም ዛሬ ወጣት ሁሉ ዓላማውን «ሕልሜ» ብሎ ይጠራል፤ በጋዜጣም በመድረክም ገብቷል፤ ወደ ኋላ የሚመልሰው የለም። ስለዚህ ከመጽሐፉ አያስወጡት፤ በልጅቱ አፍ ያኑሩት። እናቲቱ በመጀመሪያው ምዕራፍ «ይኸ ምኞትሽ» ትበል፣ በመካከለኛውም እንዲሁ። «ሕልምሽ» የሚለውን የልጇን ቃል ገመዱን ስትሰጣት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ትበለው።