የደም ጋዝ ማሽን በሌለበት ምን ጥናት ይሠራል?

ጥያቄ፦ «በአንድ የክልል ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የምሠለጥን ሐኪም) ነኝ፤ ዘንድሮ እጨርሳለሁ። ልቤ ያለው አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ነው። የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ሕክምና ፌሎሺፕ (ከስፔሻሊስትነት በኋላ ያለ ሥልጠና) ገብቼ ጥናት መሥራት እፈልጋለሁ። አባቴ ግን ‹ክሊኒክ ክፈቺና ወንድሞችሽን አስተምሪ› ይላል። አሜሪካ ያለው አጎቴ ደግሞ ‹ጥናት የሚሠራው እዚህ ነው፣ ተፈትነሽ ነይ› ይለኛል። የደም ጋዝ መመርመሪያ (በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካ ማሽን) እንኳ በሌለበት ምን ላጠና ነው? ስታትስቲክስም አይገባኝም። ዕድሜዬም 31 ሞልቷል።»

መልስ፦ እህቴ፣ 31 ገና ነው። ለስታትስቲክሱም ባለሙያ አለው። አጎትሽ ያሉት ነገር ላይ ግን ዝም ማለት አልችልም።

ጥናት «እዚያ» ብቻ ሲሠራ እዚህ ሰው ይሞታል። ለማጋነን አይደለም። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ልንገርሽ። በሾክ (የደም ዝውውሩ በጣም ደክሞ) ለመጣ ሕፃን ፈሳሽ በፍጥነት መስጠት ለረጅም ጊዜ እንደ ሕግ ነበር። በ2011 የታተመው ፊስት የተባለ ጥናት ይህንኑ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ውስጥ ከ3,000 በላይ በጠና የታመሙ ሕፃናት ላይ ፈተነው። ፈሳሹ በፍጥነት ከተሰጣቸው ውስጥ ከ10 በመቶ በላይ የሚሆኑት በ48 ሰዓት ውስጥ ሞቱ። ካልተሰጣቸው የሞቱት 7.3 በመቶ ናቸው። በ2017 የታተመ የዛምቢያ ጥናት ደግሞ ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን አካልን ሲያዛባ የሚመጣ ከባድ ሕመም) ይዟቸው የደም ግፊታቸው የወረደ አዋቂዎችን አየ። ፈሳሽና የወረደ የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት ቶሎ በሚያዝዘው ፕሮቶኮል ከታከሙት 48 በመቶው ሞቱ፤ በተለመደው አሠራር ከታከሙት 33 በመቶው። ምክንያቱ ላይ ባለሙያዎች አሁንም ይከራከራሉ። ግን መመሪያው ሌላ ቦታ፣ ለሌላ በሽተኛ ተጽፎ እንዳለ የመጣ ነበር። ይህ የታወቀው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ስለተጠና ነው።

ወደ ደም ጋዝ ማሽኑ ልምጣ። በ2012 የወጣው የበርሊን መስፈርት አንድን በሽተኛ ኤአርዲኤስ (ሳንባው ተቆጥቶ ኦክስጅን ማስገባት ሲያቅተው የሚመጣ ከባድ በሽታ) አለበት ለማለት የደም ጋዝ ውጤትና የመተንፈሻ ማሽን ድጋፍ ይጠይቃል። ኪጋሊ ያሉ ተመራማሪዎች በዚህ ሲቆጥሩ አንድም በሽተኛ አላገኙም። በሽታው ግን ዎርዱ ውስጥ ነበር! ደም ጋዙን ጣት ላይ ተደርጎ ኦክስጅን በሚለካ ኦክሲሜትር፣ ኤክስሬይ ሲጠፋም በአልትራሳውንድ ተክተው ቆጠሩ። ሆስፒታል ከተኙት በ4 በመቶ ያህሉ ላይ በሽታው ተገኘ። ሥራው በ2016 ታተመ። በ2023 የወጣው አዲሱ ዓለም አቀፍ መስፈርት ኦክሲሜትሩንም አልትራሳውንዱንም ተቀብሏል። ስለዚህ ማሽን ማጣትሽ ራሱ የጥናት ጥያቄ ነው።

አገራችንም ባዶ አይደለችም። መድኃኒት የተላመደ ቲቢን ሕክምና ከ20 ወር ወደ 9 ወር ገደማ ባሳጠረው የስትሪም ጥናት የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልና የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተሳትፈዋል። ከባድ የሳንባ ምች ለያዛቸው ሕፃናትም ባብል ሲፓፕ (አየርና ኦክስጅንን በግፊት በአፍንጫ የሚሰጥ ቀላል መሣሪያ) በ12 ሆስፒታሎቻችን ተፈትኗል።

እኔ ከነርስነት ወደ ጥናት አስተባባሪነት የገባሁ ሰው ነኝ። የአይሲዩ ጥናት ከባዱ ክፍል ስሌቱ አይደለም። በሽተኛው ቱቦ ላይ ነው፤ መፈረም አይችልም። ኮሪደር ላይ የምታለቅስ እናት ናት የፈቃድ ቅጹን ይዛ የምትቆመው። እሷን ቁጭ አድርጎ፣ በምትሰማው ቋንቋ፣ «እምቢ ብትዪም ልጅሽ ይታከማል» ብሎ ማስረዳት ያስፈልጋል። ይህን አንቺ ከማንም የተሻለ ትችይዋለሽ።

ስለ አባትሽ በግልጽ ልናገር። ወንድሞችሽን መርዳት ጥሩ ነው፤ ሕይወትሽን በሙሉ ለእነሱ የትምህርት ክፍያ ማስያዝ ግን ግዴታሽ አይደለም። በየወሩ የምትችይውን ብር ቁረጪና ንገሪያቸው። ከዚያ በላይ ቃል አትግቢ። ክሊኒክም ቢሆን ካፒታልና ኪራይ ይፈልጋል፤ በማግስቱ አያበላም። የጥናት ደመወዝም ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ስለዚህ የሆስፒታል ቅጥርሽን አትልቀቂ፤ የጎደለውን በግል ሆስፒታል ዱቲ ሙዪው።

አሜሪካ ከሄድሽ የውስጥ ደዌ ሬዚደንሲውን እንደገና 3 ዓመት፣ ከዚያ ፌሎሺፑን 3 ዓመት ትማሪያለሽ፤ የፈተናው ጊዜ ሳይቆጠር። ጥቁር አንበሳ ግን ከ2013 ጀምሮ የሳንባ ሕክምና ፌሎሺፕ አለው። እኔ ብሆን መጀመሪያ የማንኳኳው እሱን ነው።

እስከዚያው የመልካም ክሊኒካዊ አሠራር ሥልጠናውን (በሰው ላይ ጥናት ሲሠራ የሚከበሩ ደንቦችን የሚያስተምረውን) በኢንተርኔት ውሰጂ፤ ነፃ የሚሰጡ አሉ። ከዚያ አንድ ትንሽ ጥናት ጀምሪ፦ አይሲዩ የሚገባ በሽተኛ ሁሉ ሲገባ ሳቹሬሽኑ (የደሙ የኦክስጅን መጠን) ስንት ነበር? ኦክስጅን በስንት ሊትር ጀመረ? ማሽን ሲያስፈልገው አገኘ ወይስ ወረፋ ጠበቀ? ድኖ ወጣ ወይስ ሞተ? የሥነ ምግባር ኮሚቴው ሳይፈቅድ ግን አንድም ካርድ አትግለጪ። ፕሮፖዛሉን በሁለት ገጽ ጽፈሽ ለሲኒየርሽ አሳዪ፤ ለእኔም ላኪልኝ፣ አነበዋለሁ።